መጽሐፉ ሊወጣ ሲል አሳታሚ መቀየር

ምረቃው ሳምንታት ሲቀሩት አሳታሚ መቀየር ይቻላል፤ አስቀድሞ ግን ውሉ በወጉ ይፍረስ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ሥራውን የማባዛትና የማሰራጨት መብት፣ የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው፤ መመለሱም በጽሑፍ ይሁን። ቅድመ ክፍያው ስንት እንደሚመለስ፣ አርትዖቱና የሽፋን ሥዕሉ የማን እንደሆኑ ይካተት። ጠብ የሚያስነሣው አብዛኛውን ጊዜ ሽፋኑ ነው፤ ለሰዓሊው የከፈለው የቀድሞው አሳታሚ ከሆነ በቃል ፈቃድ ብቻ ማተም አደገኛ ነው።

አይኤስቢኤኑም፣ ማለትም የመጽሐፉ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር፣ አብሮ አይሄድም። ከ13ቱ አኃዞች የተወሰኑት የአሳታሚው መለያ ስለሆኑ አዲሱ አሳታሚ የራሱን ያወጣል። ቁጥሩ በመብት ገጹም በባርኮዱም መቀየሩ ይረጋገጥ።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ የገጽ ቅንብሩ ነው። ፒዲኤፍ ብቻ ተቀብሎ መውጣት አይበቃም፤ እርማት ሲመጣ ገጹ የተቀናበረበት ዋናው የኢንዲዛይን ፋይል ከነፎንቱ ያስፈልጋል። ለሁሉም ኮምፒውተር አንድ ከሆነው የፊደል ኮድ፣ ከዩኒኮድ፣ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተለቀመ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ወደ ዩኒኮድ ሲገለበጥ ደግሞ አንዳንድ ሆሄያትና ሥርዓተ ነጥቦች ይሳሳታሉ፤ መስመሮች ይገፋሉ፤ ማውጫው ከገጽ ቁጥሩ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ሙሉ ንባብ እንደገና ይደረግ፤ ጊዜ የለም ተብሎ የሚዘለል ሥራ አይደለም።

ማተሚያ ቤቱም ከተቀየረ የወረቀቱን ግራም (የአንድ ካሬ ሜትር ክብደቱን) ይጠይቁ። ባለ 320 ገጽ መጽሐፍ 160 ቅጠል ነው፤ ከ80 ግራም ወደ 70 ሲወርድ ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ይቀንሳል። ሽፋኑ በአዲሱ ልክ ካልተስተካከለ በጎን የተጻፈው ርዕስ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሽፋን ይንሸራተታል። ተጠርዞ የተቆረጠ አንድ ናሙና በእጅ ሳይታይ ሕትመቱ አይፈቀድ።