እጄ ለምን ቸኮለ

ከጀልባዋ ከወደቅን ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ትከሻዬ ላይ የበለዘው ቦታ ከጥቁርነት ወደ ቢጫ እየዞረ ነው፤ ክንዴንም እስከ ጆሮዬ ማንሳት ችያለሁ። እንቅልፍ ግን እንቢ ብሎኛል። ዓይኔን ስከድን የሚመጣብኝ ሐይቁ አይደለም፣ የታናሽ ወንድሜ ጩኸትም አይደለም። የሚመጣብኝ የራሴ ቀኝ እጅ ነው፤ የነዳጅ መስጫውን እጀታ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሲመልሰው።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል አካባቢ የጀልባ ሞተር ስጠግን ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እንግዳ ጭነው ጉማሬ የሚያሳዩት ጀልባዎች ሞተራቸው ሲያስቸግር ወደ እኔ ይመጣሉ። እነሱ ከባድና ዝግ ያሉ ስለሆኑ ቢሳሳቱባቸውም ይታገሳሉ። ይቺ ግን ሌላ ናት። የአክስቴ ልጅ ያገለገለች ገዝቶ በጅቡቲ በኩል ያስመጣት፣ 5 ሜትር የማትሞላ፣ ሆዷ እንደ ማረሻ የሾለ፣ ኋላዋ ላይ ባለ 115 የፈረስ ጉልበት ሞተር የተሸከመች ቀላል ጀልባ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ሞተሩም ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ውሃ ውስጥ እየዞረ የሚገፋትን ፕሮፔለር በአንድ ዙር ያነሰ ርቀት በሚገፋ ቀየርኩላት፤ ሞተሩ ሙሉ ዙሩን እንዲያገኝ ብዬ። ሲሳካልኝ ደስታዬ ሌላ ነበር። ሞተሩን ስላወቅሁት ጀልባዋንም ያወቅኋት መሰለኝ።

እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወጣን። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ስለሚነሳ ሐይቁ የሚተኛው በማለዳ ነው። ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ በስልኩ ፍጥነታችንን ያነብልኛል። ጉማሬ የሚውልበትን ዳርቻ ሸሽተን መሀሉን ያዝን። አንዴ ቀጥ ብለን ሄድን፤ በሰዓት 71 ኪሎ ሜትር አለኝ። ዞሬ በዚያው መስመር ተመለስኩ። ስህተቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው፤ ከደቂቃ በፊት እኔው የቀሰቀስኩት ሞገድ ገና አልተኛም ነበር።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ስለ እንግሊዛዊው ዶናልድ ካምፕቤል ደጋግሜ አነበብኩ። ጥር 4 ቀን 1967 እንደ ፈረንጆቹ፣ ኮኒስተን በሚባለው ሐይቅ ላይ በሰዓት ከ480 ኪሎ ሜትር በላይ ሲበር ጀልባው ከውሃው ተነስታ ተገለበጠችና ሞተ። ለአደጋው የሚሰጡት ምክንያት ብዙ ነው። እኔን ግን አንድ ነገር ብቻ ያዘኝ፦ የመጀመሪያውን ዙር ጨርሶ ውሃው እስኪረጋ ሳይጠብቅ ነው የተመለሰው። የእሱና የእኔ ፍጥነት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ ውሃው ግን ለሁለታችንም አንድ ነው።

«84!» አለኝ ወንድሜ። ወዲያው ጀልባዋ መወዝወዝ ጀመረች። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ዘንበል ባለች ቁጥር ይብስ ጀመር። እንዲህ ያለች ጀልባ ፍጥነት ሲጨምር ከውሃው ትነሳለች፤ ውሃውን የሚነካው ከኋላዋ ትንሽ ክፍል ብቻ ይሆናል፤ ያኔ የምትቆመው በዚያ በሾለው ሆዷ ላይ ነው። ወደ ግራ ስታዘነብል መሪውን ወደ ቀኝ ትመልሳለህ፤ እጅህ እስኪደርስ እሷ ራሷ ወደ ቀኝ ተመልሳለች፤ አንተ ትጨምርባታለህ። መድኃኒቱ ነዳጁን በጥቂት በጥቂቱ መቀነስና የሞተሩን ዝንባሌ ዝቅ ማድረግ ነው፤ አፍንጫዋ ቀስ ብሎ ወደ ውሃው ይመለሳል። ይህን ለሌላ ሰው ማስረዳት እችል ነበር። እጄ ግን ፈራ፣ እጀታውንም ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ መለሰው። አፍንጫዋ ወደቀ፣ ውሃውን ነከሰ፣ ኋላዋ ዞሮ መጣ።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ዝምታውን ነው። ውሃው ሲመታኝ አስፋልት ላይ የወደቅሁ ያህል ነበር፤ ትንፋሽ አጣሁ። ብርቱካንማውን ላይፍ ጃኬት ፈለግሁ። ወንድሜ ዋና አይችልም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ከዚያ «ወንድም ጋሼ!» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ግን ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር።

የደረሱልን መረባቸውን እየሰበሰቡ የነበሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ወንድሜን በክንዱ ስበው ጀልባቸው ውስጥ መረቡ ላይ አስተኙት፤ ያጠመዱት ቆሮሶ ዓሣ አጠገቡ ይፈራገጣል። «ተንፍስ ልጄ፣ መጀመሪያ ተንፍስ» ይሉታል፤ ሌላ ቃል የላቸውም። እኔን አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስንወድቅ ከእሳቸው መቶ ሜትር ብንርቅ ነው። በ84 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሴኮንድ 23 ሜትር ነው የምንሄደው። እሳቸው ጋ ለመድረስ አምስት ሴኮንድ አይሞላም። ይህን ሒሳብ ስንት ጊዜ እንደሠራሁት!

ደግሞ የማጥፊያው ገመድ አለ። ነጂው ወገቡ ላይ ያስረዋል፤ ሲወድቅ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩን ያጠፋዋል። ቀይ ነው፣ ዋጋውም እዚህ ግባ አይባልም። እኔ መሪው ላይ አንጠልጥዬው ነበር። ነጂ የሌላት ጀልባ ክብ እየሠራች የጣለችው ሰው ላይ ተመልሳ ትመጣለች። እጄ ነዳጁን ባይለቅና እንደዚያው ብንወድቅ ኖሮ ፕሮፔለሩ ሙሉ ዙሩን እየዞረ ወደ ወንድሜ ይመለስ ነበር። ያው እጅ ነው ጥሎን ያተረፈን። ምን እንደምለው አላውቅም። ገመዱን ያላሰረውም እሱ ነው።

ጀልባዋ እየተንሳፈፈች ሄዳ የአዛውንቱ መረብ ውስጥ ገባች። ከሰዓቱን ሙሉ ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመውን ናይለን በቢላ ስቆርጥ ዋልኩ። ከክሩ መሀል አንድ ጣት የምታህል ቆሮሶ አወጣሁ፤ ዓይኗ ገና ያበራል። መረቡን ልክፈል ስላቸው የመረቡን ዋጋ ብቻ ተቀበሉ፤ የጨመርኩትን «ይሄ የልጁ ነው» ብለው መለሱልኝ።

እማዬ በማግስቱ ጥላ ይዛ ገብርኤል ሄደች። ሁሉንም ነግሬያታለሁ፣ ገመዱንም ጭምር። ሰምታኝ ረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ ወንድሜን ጠርታ ጸጉሩን ዳበሰችው።

ጀልባዋ አሁን ጋራዡ ውስጥ ተጎታቿ ላይ ናት። ማታ ማታ ሞተሩን ሳላስነሳ እገባባታለሁ። ገመዱን ወገቤ ላይ አስራለሁ፣ እጀታውን እስከ መጨረሻው እገፋለሁ፣ ከዚያ ቀስ፣ ቀስ እያልኩ እመልሰዋለሁ። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ሳላስበው ድንገት «ያዝ!» ይላል። ትናንት ሠላሳ ጊዜ ሞከርን። ሃያ ስድስቱን በዝግታ መለስኩት። አራቱን እጄ ቀደመኝ።