ሳናይ ማሩያማ፦ መጀመሪያ ጉድጓዱን፣ ከዚያ ማማውን

ከቶኪዮ ወደ ሰሜን የሚወጣው ሃያቡሳ የሚባለው ፈጣን ባቡር አኦሞሪ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለው ሺን-አኦሞሪ ጣቢያ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከሦስት ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። ለአንድ መንገድ ከ17,000 የን በላይ ያስከፍላል። ወንበሩ ሁሉ በቁጥር የሚያዝ ስለሆነ ቲኬት ሲቆርጡ ወንበር አብሮ ማስያዝ ግድ ነው። ከጣቢያው ምሥራቅ በር የሚነሳው አውቶቡስ ሩብ ሰዓት ያህል ተጉዞ የጥንቱ መንደር፣ የሳናይ ማሩያማ ደጅ ላይ ያወርዳል። አውቶቡሱ ቶሎ ቶሎ ስለማይመላለስ ስወርድ መጀመሪያ ያደረግኩት የመመለሻውን የሰዓት ሰሌዳ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ለማንም የምመክረውም ይህንኑ ነው።

ሳናይ ማሩያማ ከ5,900 እስከ 4,200 ዓመት በፊት፣ ለ1,700 ዓመት ገደማ ሰው የኖረበት፣ ጆሞን የሚባለው የጃፓን ጥንታዊ የአዳኞችና የለቃሚዎች ዘመን መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የክፍለ ሀገሩን የቤዝቦል ስታዲየም ለመሥራት ቦታው ሲጠና ነው ቁፋሮው የተጀመረው። በ1994 ትልልቅ የምሰሶ ጉድጓዶች ሲገኙ የስታዲየሙ ሥራ ቆመ፣ ቦታውም ተጠበቀ። በ2021 ከሰሜን ጃፓን ሌሎች የጆሞን ቦታዎች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በጠቅላላው 17 ናቸው። እዚህ ሩዝ የለም፤ ሩዝ ወደ ጃፓን የገባው መንደሩ ከተፈታ ብዙ ዘመን በኋላ ነው። እነዚህ ሰዎች ያለ እርሻ ማሳ አንድ ቦታ ላይ ረግተው የኖሩት በባሕሩ፣ በጫካውና ጃፓኖች ኩሪ በሚሉት ፍሬ ነው። ኩሪ ጠንካራ ቡናማ ልባስ ያለው፣ ሲጠበስ ስኳር ድንች ስኳር ድንች የሚል ፍሬ ነው። ከአፈሩ የተገኘው የአበባ ብናኝ መንደሩ በኩሪ ዛፍ ተከቦ እንደነበር ያሳያል፤ የፍሬዎቹ ዘረመል እርስ በርስ መመሳሰሉም ሰው ዛፉን እየመረጠ ይንከባከበው እንደነበር ይጠቁማል።

ጎብኚው ሁሉ ከበሩ እንደገባ የሚሮጠው በዘመናችን መልሶ ተሠርቶ ከሩቅ ወደሚታየው ባለ ስድስት ምሰሶ ማማ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ከአጠገቡ ጣሪያ ለብሶ ወደሚገኘው መጠለያ ግቡ እላለሁ፤ እውነተኛዎቹ ጉድጓዶች እዚያ ናቸው። በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት ሆነው ስድስት ናቸው። እያንዳንዳቸው ወደ ሁለት ሜትር ይሰፋሉ፣ ሁለት ሜትር ያህልም ይጠልቃሉ። ከአንዱ መሀል እስከ ሌላው መሀል 4.2 ሜትር ነው፤ በሁሉም በኩል ያው 4.2። ይህ በዓይን ግምት አይመጣም፤ መለኪያ የነበረው ሰው ሥራ ነው። በጉድጓዶቹ ውስጥ አንድ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የኩሪ ግንድ ሥር ተገኝቷል። እንጨቱ ይህን ሁሉ ዘመን ሳይበሰብስ የቆየው የከርሰ ምድር ውሃ አየር ስለከለከለው ነው፤ የግንዱ ታችም በእሳት የተለበለበ ነበር። ምሰሶዎቹ ደግሞ ቀጥ ብለው አልተተከሉም፤ ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። ይህም ከላይ እርስ በርስ የተያያዘ ነገር እንደነበረ ይጠቁማል።

ከዚያ በኋላ ወደ ማማው ዞሮ ማየት ነው። ቁመቱ 14.7 ሜትር ነው። ግንዶቹ ከሩሲያ፣ ከሶቺ አካባቢ የመጡ ናቸው፤ ያን ያህል የወፈረና ቀጥ ያለ ኩሪ ጃፓን ውስጥ አልተገኘም። ሦስት ወለል አለው፣ ጣሪያ ግን የለውም። ጣሪያ ነበረው የሚሉና አልነበረውም የሚሉ ባለሙያዎች ሳይስማሙ ቀርተው፣ መሀል ላይ ቆሞ የተሠራ ነው። እንግዲህ ከመሬት በታች ያለው ማስረጃ ነው፤ ከመሬት በላይ የቆመው ደግሞ በጥንቃቄ የታሰበ ግምት። ጉድጓዱን ሳያዩ ማማውን ብቻ ፎቶ አንስቶ የሚመለስ ሰው ግምቱን ይዞ ማስረጃውን ትቶ ሄደ ማለት ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ቤቶቹ ለኛ ሰው እንግዳ አይሆኑም። ወለላቸው ከመሬት ወደ ታች ተቆፍሮ ዝቅ ያለ ነው፤ መሀል ላይ ምድጃ አለ፣ ዙሪያውን ምሰሶ። የጣሪያው ልባስ ምን እንደነበር ስለማይታወቅ በሦስት ዓይነት ሠርተዋቸዋል፦ የሣር፣ የዛፍ ቅርፊትና የአፈር። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ መግባት ያስፈልጋል። ሣር ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ወዲያው የሚያጣው ነገር ጥላሸቱን ነው። ጭስ ሣሩን ያደርቃል፣ ነፍሳትን ያባርራል፤ በየቀኑ እሳት የማይነድበት ጎጆ እርጥበት ይይዘውና ቶሎ ይሻግታል፣ ምስጥና ትል ይገባበታል። ጃፓን ውስጥ እንዲህ ያሉ መልሰው የተሠሩ ቤቶችን የሚጠብቁ ሰዎች ትልቁ ፈተና ይኸው ነው፤ ቤቱን ለማቆየት ሲሉ ብቻ እሳት ያነዳሉ፣ ያጨሳሉ። አንድ ጎጆ ከገቡ በኋላ ትልቁን ቤት ማየት ነው። 32 ሜትር ይረዝማል፣ 9.8 ሜትር ይሰፋል፤ ወለሉ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ሲያዩ አንገት ያማል። የስብሰባ አዳራሽ ይሁን፣ የክረምት መሥሪያ ወይስ ብዙ ቤተሰብ የኖረበት፣ ክርክሩ አልተዘጋም።

ሙዚየሙን የሚያልፉት ብዙ ናቸው፤ እባካችሁ አትለፉት። ለትልቅ ሰው 410 የን ነው፣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው፤ በእነሱ የበጋ ወራት አንድ ሰዓት ይጨምራል፣ በየወሩ አራተኛው ሰኞ ይዘጋል። እዚያ ከሁሉ በላይ የያዘኝ አንዲት ትንሽ ከረጢት ናት። በዛፍ ልጥ የተሠራች፣ ከእጅ መዳፍ እምብዛም የማትበልጥ ስትሆን፣ ውስጧ የተሰበረ የዋልነት ቅርፊት ግማሽ ተገኝቷል። ልጡ በአግድም እየተሻገረ የሄደበት መንገድ፣ ስፌት የምታውቅ እጅ የሠራችው ያህል እኩል ነው። ከሷ ትንሽ ራቅ ብሎ 32 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላት የመስቀል ቅርጽ የሸክላ ምስል አለች፤ ጃፓኖች ዶጉ ይሏታል። ራሷና አካሏ የተገኙት 90 ሜትር ያህል ተራርቀው ነው። በመንደሩ ከተገኙት ነገሮች ባልጩቱ ከሆካይዶ ደሴት፣ ጄድ የሚባለው አረንጓዴ ድንጋይ ከኢቶይጋዋ፣ አምበር የሚባለው የደነደነ የዛፍ ሙጫ ከኩጂ፣ ቀስት ጫፍ የሚያጣብቁበት የተፈጥሮ ሬንጅ ደግሞ ከአኪታ መጥቷል። ኢቶይጋዋ ከዚህ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ያኔ ፈረስም ጋሪም የለም። ከሚጣል አጥንት መካከል የሚበዛው የአጋዘን ሳይሆን የጥንቸልና የሚንሳፈፍ ሽኮኮ ነው፤ ዓሣው ግን ዓይነቱ ብዙ ነው።

ለሁሉም ሦስት ሰዓት ይበቃል፤ ከፈቃደኛ አስጎብኚዎች ጋር በነጻ የሚደረገው ዙረት ብቻውን አንድ ሰዓት ሊጠጋ ነው። ክረምታቸው በረዶው ከባድ ስለሆነ ውሃ የማያስገባ ቦት ጫማ ያስፈልጋል። ከነሐሴያቸው 2 እስከ 7 የኔቡታ በዓል ስለሚከበር በዚያ ሳምንት ማደሪያ ቀደም ብሎ ካልተያዘ አይገኝም።

ወደ ምግቡ ስመጣ፣ አኦሞሪ ከተማ ውስጥ ፉሩካዋ የሚባለው የዓሣ ገበያ ከአኦሞሪ ጣቢያ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ይከፈታል፣ ማክሰኞ ይዘጋል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መግቢያው ላይ የትናንሽ ቲኬት ጥራዝ ይገዛል፤ 12 ቲኬት 2,000 የን ነበር። በአንድ ቲኬት ትኩስ ሩዝ በሳህን ይሰጣል፣ ከዚያ ከመደብር መደብር እየዞሩ የፈለጉትን ቁራጭ በቲኬት እያስቀመጡ ይሄዳሉ። ኖኬ-ዶን ይሉታል፤ ላዩ ላይ የተደረደረበት ሩዝ ማለት ነው። የብዙ ሰው ስሕተት ቲኬቱን መጀመሪያ ባገኘው መደብር መጨረስ ነው። አንዴ ሙሉውን ዙሩ፣ የአንዱን ቲኬት ቁራጭ መጠን ከሌላው ጋር አስተያዩ፣ ከዚያ ግዙ። ከቀትር በኋላ የሚመጣ ሰው የተረፈውን ነው የሚያገኘው።

እዚህ ላይ ለኛ ሰው ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። የአኦሞሪ ኩራት ሆታቴ የሚባለው የማራገቢያ ቅርጽ ዛጎል ያለው የባሕር ፍጥረት፣ ስኩዊድና የባሕር ጃርት ናቸው፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት ለማይበላ ኦርቶዶክስም ሆነ ቤተ እስራኤል አይሆኑም። ሳልሞን፣ ቱና፣ ታይ እና ቡሪ የሚባሉት ዓሦች ግን እዚያው መደብር ላይ አሉ። ሾርባ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አትክልት ብቻ የሚመስለውም መረቁ ከደረቀ ዓሣ ነው። ሙስሊም የሆነ ሰው ሚሪንና ሳኬ የሚባሉት አልኮል መሆናቸውን ይወቅ፤ ራመን የሚባለው የፓስታ ሾርባ ደግሞ መረቁ የአሳማ ሊሆን ይችላል።

ለሚበላው ሰው ግን ካይያኪ-ሚሶ ሳይቀምስ አይሂድ። መጥበሻው ትልቅ የሆታቴ ዛጎል ራሱ ነው። ዛጎሉ በለስላሳ እሳት ላይ ይቀመጣል፤ ተጠብሶ ከደረቀ ሰርዲን የወጣ መረቅ ግማሽ ሲኒ ይፈስበታል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ሚሶ፣ ማለትም ከአኩሪ አተር የቦካ ጨዋማ ሊጥ፣ ይበጠበጥበታል። ቀይ ሽንኩርት ሳይሆን ኔጊ የሚባለው፣ ግንዱ ረጅምና ነጭ የሆነ የሽንኩርት ዓይነት ተከትፎ ይገባል፣ ቁርጥ ሆታቴ ይከተላል። ዳር ዳሩ ሲንተከተክ የተመታ እንቁላል ከዳር ወደ መሀል ይፈስና ግማሹ ሲረጋ ይወርዳል። ሦስት ነገር ያበላሸዋል፦ እሳቱ ከበረታ ዛጎሉ ይሰነጠቃል፤ ሆታቴው ከቆየ እንደ ጎማ ይጠነክራል፤ እንቁላሉ ከተማሰለ ውሃና ፍርፋሪ ሆኖ ይለያል። እንቁላል ውድ በነበረበት ጊዜ ይህን የሚሠሩት ለታመመና ለአራስ ነበር፤ እኛ ገንፎ እንደምናገነፋው ማለት ነው።

በምሥራቅ በኩል ሃቺኖሄ ውስጥ ደግሞ ሴንቤ-ጂሩ አለ፦ ከስንዴና ከጨው የተጋገረ ደረቅ ቂጣ ተቆርሶ በዶሮ መረቅ ይቀቀላል። ቂጣው ለሾርባ ተብሎ የተጋገረው መሆን አለበት። ሰሊጥ ያለበት የመክሰሱ ቂጣ ሟሙቶ አጥሚት ይሆናል፤ ትክክለኛው ግን መረቁን ጠጥቶም ጥርስ ላይ ይይዛል። ሱቅ ሲገዙ ለመረቅ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ ሻጯን መጠየቅ ይሻላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ነው የሚደረደሩት፣ ከውጭ ሲታዩም ይመሳሰላሉ።