ጅማ ላይ ጎልፍ ለመጫወት፦ ከቢሮው በፊት የሣሩን ባለቤት ጠይቁ

ጅማ ውስጥ ጎልፍ እንጫወታለን። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ "የት?" ይለኛል። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በአንድ ሽማግሌ የግጦሽ መሬት ላይ። ኳሱን መትተን የምናስገባባቸው ጉድጓዶች ሦስት ናቸው። ሦስቱን ስድስት ጊዜ ስንዞር 18 ይሞላል፤ አንድ ሙሉ ጨዋታ ማለት ነው። አብረውኝ የሚጫወቱት አንድ መምህር፣ አንድ ቡና ነጋዴ እና አንዲት ነርስ ናቸው።

ይህን የምጽፈው ሜዳውን እስክናገኝ ያየነው እንግልት እስካሁን ስለሚያናድደኝ ነው። በሌላ ከተማ ተመሳሳይ ነገር የሚያስብ ሰው ካለ፣ እኛን ማንም ያልነገረንን እሱ አስቀድሞ ይወቅ።

ቀላሉን በቀላሉ ልለፈው። ጨዋታውን የለመድኩት አዲስ አበባ በምሠራበት ጊዜ፣ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ባለው የጎልፍ ሜዳ ነው። ያስተማረኝ ዱላ ተሸካሚ ሆኖ ያደገ ልጅ ነበር። ዱላዎቹን ያገለገሉ ገዛን። ደንቡ ለአንድ ተጫዋች እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል፤ ለጀማሪ ግን ባለ 7 ቁጥር ብረት (ለመካከለኛ ርቀት)፣ አንድ ዌጅ (ኳሱን ከፍ አድርጎ ለመምታት) እና አንድ ፑተር (ኳሱን ወደ ጉድጓዱ ለማንከባለል) ይበቃዋል። በደንቡ መሠረት በአንድ ጨዋታ ላይ ከተቃራኒ ጋር ዱላ መዋዋስ ክልክል ነው። እኛ እንዋዋሳለን። ዱላ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ያን ደንብ የሚያከብር ሰው ብቻውን ነው የሚጫወተው።

የጉድጓዱ አፍ ስፋት 108 ሚሊሜትር ነው። ለዚህ የተሠራውን ዕቃ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። የቤት ፍሳሽ የሚወርድበት ባለ 110 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ቱቦ በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ አለ። ቆርጣችሁ ቅበሩት። ባንዲራው ቀርከሃ ላይ የታሰረ ጨርቅ ነው። በጉድጓዱ ዙሪያ ሣሩን እንደ ምንጣፍ የሚያጭድ ማሽን ስለሌለን አሸዋ አልብሰነዋል። በብዙ ደረቅ አገሮችም እንዲሁ ያደርጋሉ። እነሱ አሸዋው ላይ ዘይት ይጨምራሉ፤ እኛ ከብት ስለሚውልበት አንጨምርም።

አሁን ወደ ሜዳው።

ጅማ ሣር የሚቸግራት ከተማ አይደለችም። በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ከቦዬ ረግረግ እስከ ጅሬን ኮረብታ ድረስ ዓይን የሚያርፈው አረንጓዴ ላይ ነው። እኛ የጠየቅነው ከዚያ ሁሉ ትንሽ ቦታ፣ ለዚያውም እሁድ ጠዋት ብቻ። አጥር የለም፣ ግንባታ የለም፣ ከማንም የሚሰበሰብ ክፍያ የለም። ሁሉም ሰው "በሕጋዊ መንገድ ሂዱ፣ መጀመሪያ ፈቃድ አውጡ" አለን። እሺ ብለን ማመልከቻ ጻፍን።

የመጀመሪያው ቢሮ መዝገብ ቤቱ ወረቀቱን ተቀብሎ ቁጥር ሰጠን። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። በሚቀጥለው ሳምንትም ስብሰባ ላይ ናቸው። በመጨረሻ አንድ ባለሙያ አገኘንና ማመልከቻውን አነበበ። "ጎልፍ ኢንቨስትመንት ነው" አለ። "ስንት ሄክታር ነው? ካፒታላችሁ ስንት ነው? ለስንት ሰው የሥራ ዕድል ትፈጥራላችሁ?"

መምህሩ ጓደኛችን በትዕግሥት አስረዳው። ኢንቨስተር አይደለንም፣ አራት ሰዎች ነን፣ መጫወት ነው የምንፈልገው አለው። ባለሙያው ወረቀቱን እንደገና አየና "ጉድጓድ ይላል እኮ" አለ። "ቁፋሮ ካለበት እኛን አይመለከትም።" ነርሷ በእጇ የአፉን ስፋት አሳየችው። አላያትም። ወደ ሁለተኛ ቢሮ የሚል ጻፈበትና ሸኘን።

ሁለተኛው ቢሮ "ስፖርት ከሆነ ወደ ስፖርቱ ሂዱ" አለ። ሦስተኛው ቢሮ "ግለሰብ አናስተናግድም፣ ማህበር ሆናችሁ ኑ" አለ። የሚያስፈልገውን ዝርዝር ሰጡን። መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሥራቾች ቃለ ጉባኤ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ። ሁሉንም አዘጋጀን። ደንቡን መምህሩ ሌሊት እየተነሣ ጻፈው። ነርሷ ከአዳር ተረኝነት ወጥታ ሳትተኛ ቀጥታ ወደ ቢሮው ትመጣ ነበር። ጥበቃው "ከምሳ በኋላ" ብሎ ይመልሳታል። ይህቺ ሴት ሌሊቱን ሙሉ የሰው ሕይወት ስትጠብቅ አድራ ነው በር ላይ የምትቆመው። ይህን ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል።

ሁሉን ይዘን ስንቀርብ አንድ ነገር ጎደለ ተባለ። የመጫወቻ ቦታ ማረጋገጫ ደብዳቤ። ከማን? ከመጀመሪያው ቢሮ። ወደዚያው ተመለስን። "የተመዘገበ ማህበር ሳትሆኑ የቦታ ደብዳቤ አንጽፍም" አሉን። ማህበሩ ያለ ቦታ አይመዘገብም፣ ቦታው ያለ ማህበር አይሰጥም። ይህን ለሁለቱም ቢሮዎች ነገርናቸው። ሁለቱም "መመሪያው ነው" አሉ። ከዚያ ባለሙያው ተዛወረ። የተተካው ሰው ፋይላችንን ፈልጎ አጣው። "እንደ አዲስ አመልክቱ" አለን።

ጅማን የሚያውቅ ሰው የጊዜውን ዋጋ ያውቃል። እዚህ ዝናቡ ረጅም ነው። መሬቱ የሚደርቀው፣ ኳስ የሚንከባለለው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ያ ወቅት በሙሉ በቢሮ ኮሪደር ላይ አለፈ። ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ባለሥልጣን "ቦታውን አሳዩኝ" አላለም። ጨዋታው ምን እንደሆነ፣ ማንን ሊጎዳ እንደሚችል የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

መንገዱን ያገኘው ቡና ነጋዴው ነው። ቡና የሚገዛቸው አንድ ሽማግሌ ሰፊ ግጦሽ አላቸው። "የወረቀቱን ሰው ትተን የሣሩን ሰው እንጠይቅ" አለ። ቤታቸው ሄድን። ቡና ተፈላ። እሱ በኦሮምኛ አስረዳቸው፤ እኛ ዱላውንና ኳሱን አሳየን። ሽማግሌው ኳሱን በእጃቸው መዘኑት። 46 ግራም ገደማ ነው፣ ግን እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው።

"ልጆቼ" አሉ፣ "ይህ እረኛ ቢመታስ?"

ቀጥለውም "ላሜ እግሯን ጉድጓዱ ውስጥ ብታስገባስ?" አሉ።

ቢሮዎቹ በሙሉ ሊጠይቁን የሚገባው እነዚህን ሁለት ነገሮች ነበር። የጠየቁን እሳቸው ናቸው።

"አባባ፣ መልስ ይዘን እንመጣለን" አልናቸው። የጅማ እንጨት ሠሪዎች በበርጩማ የታወቁ ናቸው። ከአንዱ ዘንድ ሄደን በቱቦው አፍ ልክ የእንጨት ውታፍ አሠራን። ጨዋታ ሲያልቅ ጉድጓዱ ይደፈናል፣ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሆናል። ሽማግሌው ራሳቸው መጥተው በተረከዛቸው ረገጡት። ደጋግመው ረገጡት። ለእረኞቹ ደግሞ ደንብ አወጣን። ማንም ከሚመታው ሰው ፊት አይቆምም። ሰው ወይም ከብት ፊት ለፊት ካለ አይመታም። ስምምነቱን በሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ፊት ጻፍን፣ ለሚረገጠው ሣር ካሳ ተስማማን፣ ለቀበሌው በቃል አሳወቅን። ማንም አልተቃወመም።

ስለዚህ ምክሬ ከተለመደው የተለየ ነው። ከማመልከቻ አትጀምሩ። መሬቱን በየቀኑ የሚረግጠውን ሰው አግኙ፣ የሚያሰጋውን ነገር ከአፉ ስሙ፣ መፍትሔውን ሠርታችሁ አሳዩት። ወረቀት የሚያስፈልግ ከሆነ ከዚያ በኋላ ይሂድ። ማህበር ለመመሥረትም አትቸኩሉ። አራት ሰው ለመጫወት ሊቀመንበርና ጸሐፊ አያስፈልገውም።

ጨዋታው ራሱ ያን ሁሉ እንግልት ክሶናል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ኳሱ ከቆላ ይልቅ ራቅ ብሎ ይበራል። የመጀመሪያ ቀን መምህሩ ሲመታ ኳሱ ባንዲራውን አልፎ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ከ2019 ወዲህ ደንቡ ኳስ ለመፈለግ የሚሰጠው 3 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ቀድሞ 5 ነበር። እኛ ኳስ ውድ ስለሆነብን እስኪገኝ እንፈልጋለን። በነገራችን ላይ በመስከረም ቢጫ ኳስ ይዛችሁ አትውጡ፤ አደይ አበባው ውስጥ ይጠፋል። ብርቱካናማ ይሻላል።

አንድ እሁድ ጦጣ ከዛፍ ወርዳ የቡና ነጋዴውን ኳስ አንሥታ ሄደች። እሱ ጨዋታው ተበላሸ ብሎ ተናደደ። መምህሩ ደንቡን ያውቅ ነበር። የቆመ ኳስ እንስሳ ቢወስደው ቅጣት የለም፤ ሌላ ኳስ በነበረበት ቦታ ይቀመጣል። ተቀመጠ። በዚያው ምት ጉድጓዱ አፍ ላይ አደረሰው።

ከሁሉም የማልረሳው ግን የነርሷ ምት ነው። ኳሷ ከትልቅ ዋንዛ ጀርባ ወድቋል። ባንዲራው አይታያትም። በዌጅ ከፍ አድርጋ በቅርንጫፎቹ ላይ አሳለፈችው። ከዛፉ ማዶ የቆመው እረኛ ልጅ "ገባ!" ብሎ ጮኸ። ሮጠን ስንደርስ ኳሱ ቱቦው ውስጥ ነው። በዚያች በር ላይ በቆመችባቸው ጠዋቶች ፈንታ ይህ ይገባታል ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ነጥብ የምንይዘው ስቴብልፎርድ በሚባለው አያያዝ ነው። ፍራንክ ስቴብልፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ያወጣው ሲሆን በ1932 ሥራ ላይ ዋለ። ለጉድጓዱ በተመደበው የምት ብዛት የጨረሰ 2 ነጥብ ያገኛል፣ በአንድ ያነሰ 3፣ በአንድ የበለጠ 1። ከዚያ በላይ የመታ ዜሮ ነው፣ ኳሱን አንሥቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ብቃታቸው ለሚለያይ ጓደኞች ከዚህ የተሻለ አያያዝ አላውቅም። አንድ ክፉ ጉድጓድ ጠዋቱን በሙሉ አያበላሽም።

መብረቅ ሲታይ ወዲያው አቁሙ። በጅማ ሰማይ ሥር ብረት ይዞ ሜዳ መሃል መቆም አደጋ ነው። ዱላውን አስቀምጡ፣ ከዛፍ ራቁ፣ ወደ ቤት ግቡ።

"ገባ!" ያለው እረኛ አሁን ባለ 7 ቁጥሩን ከእኛ እየተዋሰ ይመታል። ልኬቱ ከሁላችንም ይበልጣል። የሽማግሌው ጎረቤትም ከጅረቱ ማዶ ያለውን ግጦሻቸውን እንድናይ ጠርተውናል። ሁለት ጉድጓድ ይወጣዋል። ቱቦውን ቆርጠናል፣ ውታፎቹን አዘናል። ጎረቤትየው ላሞቻቸውን ነድተው መጥተው ካዩት በኋላ እንቀብረዋለን።