ጠርሙሱን በፕላስተር አትጠቅልሉት

ተዋናዩ ጠርሙሱን አንስቶ ሲቀዳ የኔ ዓይን እሱን ትቶ ጠርሙሱ ላይ ወደተጠቀለለው ጥቁር ፕላስተር ይሄዳል። ለተከታታይ ድራማዎች ፕሮፕ፣ ማለትም ትዕይንቱ ላይ የሚታዩ ዕቃዎችን፣ ስለማዘጋጅ ብቻ አይደለም። እናቴ ከሙያው ጋር ምንም ግንኙነት የላትም፤ እሷም ልክ እንደኔ «ምን ነው የጠቀለሉት?» ትላለች። በዚያች ሰዓት ተዋናዩ የተናገረውን ሁለታችንም አልሰማንም።

ፕላስተሩ የሚለጠፍበት ምክንያት ይገባኛል። ስፖንሰሩ ዘይት አምራች ከሆነ ወጥ ቤቱ ውስጥ የተፎካካሪው ዘይት መታየት የለበትም። ቢራ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ወዲህ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ስለተከለከለ፣ የታወቀ ቢራ ጎልቶ ከታየ «ማስታወቂያ ነው፣ አይደለም» የሚል ጭቅጭቅ ይከተላል። ስለዚህ ቀረጻው ሊጀመር ሲል አንዱ ፕላስተር ይዞ ይሮጣል። ካልደረሰም ኤዲተሩ በኋላ ብዥ ያደርገዋል። ሁለቱም ለተመልካቹ የሚነግሩት «እዚህ ጋ የደበቅንህ ነገር አለ» ብቻ ነው።

የሆሊዉድ ሰዎች ለዚህ ችግር መላ ካበጁ ቆይተዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኧርል ሄይስ ፕሬስ የሚባል እ.ኤ.አ. በ1915 የተመሠረተ ማተሚያ ቤት አለ። የሚያትመው ለፊልምና ለቴሌቪዥን የሚሆን የሌለ ጋዜጣ፣ የሌለ ፋብሪካ መለያ፣ የመኪና ሰሌዳ፣ ምን ቅጡ። ከሥራዎቹ በጣም የታወቀው አንድ ጋዜጣ ነው። ገጹ ላይ ጥቁር ፀጉር ያላት ፈገግ ያለች ወጣት ፎቶ አለ፤ ይኸው ገጽ በአሜሪካ ተከታታይ ኮሜዲዎቹ «ማሪድ ዊዝ ችልድረን» ላይም «ስክረብስ» ላይም «ሞደርን ፋሚሊ» ላይም ይታያል። ተመልካቾች ያወቁት በልጅቷ ፊት ነው። እኔ ከዚህ የያዝኩት ነገር አለ፦ ጋዜጣ በየቀኑ የሚለወጥ ነገር ስለሆነ ሲደጋገም ያስታውቃል። ሲጋራ፣ ቢራ፣ ሳሙና ግን በየሱቁ ያው ናቸው። የነሱ መደጋገም ጭራሽ እውነተኛ ያስመስላቸዋል።

ሞርሊ ሲጋራን ተመልከቱ። ነጭና ቀይ ፓኮ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ማልቦሮ ይመስላል፣ ሲቀርቡት አይደለም። «ዘ ኤክስ ፋይልስ» ላይ «ሲጋራ አጫሹ ሰውዬ» የሚባለው ገጸ ባሕርይ የሚያጨሰው እሱን ነው፤ «ዘ ዎኪንግ ዴድ» ውስጥም አለ። ታሪኮቹ አይገናኙም፣ ፓኮው ግን አንድ ነው። ማንም ባለቤት ስለሌለው ማንም ከፍሎ ያስገባው የለም፣ «ስሜን አጠፋችሁ» ብሎ የሚከስም የለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 በተደረሰው ትልቅ ስምምነት ትንባሆ አምራቾች ምርታቸው በፊልምና በቴሌቪዥን እንዲታይ መክፈል ሲከለከሉ፣ እንዲህ ያለው ፓኮ ከመቼውም ይልቅ ጠቃሚ ሆነ።

እውነተኛ ብራንድ ሲገባ ምን እንደሚመጣ ደግሞ «ፍላይት» አሳይቷል። ዴንዘል ዋሽንግተን የመጠጥ ሱስ የያዘውን አብራሪ ሆኖ የሠራበት የእ.ኤ.አ. 2012 ፊልም ነው። በድዋይዘር ሲጠጣ ስለታየ የቢራው አምራች የፊልሙን ኩባንያ ፓራማውንትን ምልክቱን አጥፉልኝ ወይም ሸፍኑልኝ ብሎ ጠይቋል። አምራቹን አልፈርድበትም፤ ስሙን የገነባው በገንዘቡ ነው። ግን በየትዕይንቱ «ኩባንያው ምን ይል ይሆን?» እየተባለ ድራማ አይጻፍም።

እኔን በጣም የሚያስቀናኝ የእንግሊዞቹ ነው። «ኮሮኔሽን ስትሪት» ከእ.ኤ.አ. 1960 ጀምሮ የሚታይ ድራማ ነው፤ የሰፈሩ መጠጥ ቤት ቢራው የሚመጣለት ኒውተን ኤንድ ሪድሊ ከሚባል ጠማቂ ነው። እንዲህ የሚባል ጠማቂ የለም። ቢሆንም በታሪኩ ውስጥ መጠጥ ቤቱ የራሱ ንብረት ሆኖ የኖረ፣ አስተዳዳሪ የሚሾም፣ ሲፈልግ የሚያስፈራራ ድርጅት ነው። ቢቢሲ ደግሞ በሕዝብ ክፍያ ስለሚተዳደር በክፍያ ምርት ማስገባት አይፈቀድለትም፤ «ኢስትኤንደርስ» ለመጠጥ ቤቱ ላክስፎርድ ኤንድ ኮፕሊ የሚል ጠማቂ ፈጠረ። በንግድ ጣቢያዎች ላይ ምርት በክፍያ ማሳየት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያው ዓመት «ኮሮኔሽን ስትሪት» የሰፈሩ ሱቅ ውስጥ ኔሽንዋይድ የሚባል በእውነት ያለ የፋይናንስ ተቋም የገንዘብ ማውጫ ማሽን ገባ። የሌለው ቢራና ያለው ማሽን በአንድ ሰፈር ኖሩ፤ ቢራውን ማንም ከቤቱ አላስወጣውም።

እኔም በቅርቡ ለአንድ ድራማ ቢራ ሠራሁ። ስሙ ብዙ አስጨነቀኝ። የኛ ቢራዎች ስማቸውን የሚወስዱት ከቅዱስ፣ ከከተማ፣ ከተራራና ከእንስሳ ነው፦ ጊዮርጊስ፣ ሐረር፣ በደሌ፣ ዳሽን፣ ዋልያ። ከዚህ ወግ የወጣ ስም ካወጣህ ተመልካቹ ወዲያው ይነቃብሃል። «ጮቄ ቢራ» አልኩት፤ የጎጃሙ ተራራ ነው። ተዋናዩ «ሁለት ጮቄ አምጪልን» ሲል አፉን አላደናቀፈውም፤ ለኔ ፈተናው ይኼ ነበር።

መለያውን ስሠራ ኮምፒውተር ላይ ያሉትን ያማሩ የፊደል ቅርጾች ተውኩ። የድሮ ጠርሙስ ላይ ያለው ፊደል ወፈር ያለ፣ እግሩ አጠር ያለ ነው፤ በእጄ ስዬ አስገባሁት። ከሥሩ የአልኮል መጠኑን፣ 330 ሚሊ ሊትር የሚለውን፣ ጠርሙሱ ተመላሽ መሆኑን በደቃቁ ጻፍኩ። ካሜራው አያነበውም፤ ግን ደቃቅ ጽሑፍ የሌለው መለያ ባዶነቱ ከሩቅ ይታያል። የሚያብለጨልጭ ስቲከር መብራት ስለሚመልስ ወረቀቱን ደብዛዛ አደረግኩት። ከዚያ ጠርሙሶቹን በረዶ ውሃ ውስጥ ነክሬ የመለያውን ጠርዝ በአውራ ጣቴ ፋቅ ፋቅ አደረግኩ፤ ግሮሰሪ ውስጥ ተደጋግሞ የታጠበ ጠርሙስ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ቀረጻው ላይ ስለ ቢራው ማንም አንድ ቃል አልተናገረም። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

አሁን የምመኘው ጮቄ ከአንድ ድራማ እንዲወጣ ነው። እያንዳንዳችን በየፊናችን ፕላስተር ከምንገዛ፣ አንድ ቢራ፣ አንድ ዘይት፣ አንድ ባንክ፣ አንድ የሞባይል ካርድ ሠርተን በጋራ ብንጠቀም ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ተመልካቹ ራሱ ይለምዳቸዋል። የጮቄ መለያ ለኅትመት ዝግጁ ሆኖ እኔ ጋ አለ። ድራማም ሆነ አጭር ፊልም የምትሠሩ ጻፉልኝ፣ ያለ ክፍያ እልካለሁ። የምጠይቀው የቀጣዩን ምርት፣ ለምሳሌ የዘይቱን፣ ከናንተ አንዱ እንዲሠራውና እንዲያካፍለን ነው።