በጣርማ በር ጉም ውስጥ የሰማኝ አምላክ

እግዚአብሔር ያደረገልኝን ሳልመሰክር ብቀር ዕዳ ይሆንብኛል። ካቶሊካዊት መነኩሲትና ነርስ ነኝ። በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ሲና ዙሪያ፣ ነፍሰ ጡሮችን በየቤታቸው እየዞርሁ እጎበኛለሁ፤ ዘመናቸውን ሁሉ በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረግጡ ኖረው ዝሆኔ የያዛቸውን ሰዎችም እግራቸውን በሳሙና አጥቤ ቅባት እቀባለሁ።

አንዲት ወላድ ወደ ሪፈራል ስንወስዳት መንገድ ላይ በእጄ ካረፈች ወዲህ ግን ከአምላኬ ጋር ተኳርፌ ነበር። ለ8 ወር መቁጠሪያዬን አልነካሁም። ደቀ መዛሙርቱ በማዕበሉ መካከል «መምህር ሆይ፥ ስንጠፋ አይገድህምን?» ያሉትን እኔም እለው ነበር፤ የምለው ግን በቁጣ ነበር።

በፍልሰታ ጾም አንድ ሌሊት፣ እግራቸውን የማጥብላቸው የአንዲት እናት ልጅ ወለደችና ደሟ አልቆም አለ። የእንግዴ ልጁ በሙሉ ወጥቷል፤ ማኅፀን የሚያኮማትረውን መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲን፣ 10 ዩኒት ወግቻታለሁ፤ ሌላ 20 ዩኒት በ1 ሊትር ፈሳሽ እየወረደላት ነው፤ ማኅፀኗ ግን እንደ ሊጥ ለስልሶ አልኮማተር አለ። በአምቡላንስ ወደ ደብረ ብርሃን ስንገሰግስ የጣርማ በር ዳገት ላይ ጉሙ ዋጠን። አንድ እጄን ከውስጥ ጨብጬ፣ በሌላው ከሆዷ በላይ ማኅፀኗን ጨምቄ ይዣለሁ፤ ክንዴ ይንቀጠቀጣል፤ ብለቃት እንደምትሞት አውቃለሁ። ሾፌራችን አቆመና፣ «ሲስተር፣ የመንገዱ ጠርዝ አይታየኝም፤ ብቀጥል ገደል እንገባለን» አለኝ። እናቷ የፈሳሹን ላስቲክ ከፍ አድርገው እንደያዙ «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩና፣ «ልጄ፣ አንቺም ጥሪያት እንጂ» አሉኝ። ያን ጊዜ ሳላስበው «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል መልአክ» የሚለው ከአፌ ወጣ። ከዚያ በቀር ምንም ማለት አልቻልሁም፤ እርሱኑ እየደጋገምሁ አለቀስሁ።

ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና ደርሶ ቆመ። ረዳቱ ወርዶ የሆነውን ሲሰማ ባትሪውን አበራና በገደሉ ጠርዝ በኩል ፊት ፊታችን በእግሩ እየሄደ፣ መንገዱ ተራራውን ሰርስሮ እስከሚያልፍበት ዋሻ አፍ መራን። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ እግዚአብሔር ዕድሜውን ያርዝምለት! ዋሻውን ስናልፍ በደጋው በኩል ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብት ይታዩ ነበር፤ «እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም» የሚለውን ያኔ ጮክ ብዬ አልሁት። በእጄ ሥር ማኅፀኗ ቀስ በቀስ ሲጠነክር የተሰማኝም ከዚያ ብዙ ሳንርቅ ነው።

ሆስፒታል ስንደርስ 2 ከረጢት ደም ተሰጣት፤ ያን ደም የለገሱትን፣ የማላውቃቸውን ሰዎች፣ በየቅዳሴው አስባቸዋለሁ። እናትና ልጅ ዛሬ በጤና አሉ።

ሲነጋ ጣቶቼ እንደተጨበጡ ደርቀው አልዘረጋ አሉኝ። እናቷ በጆግ ለብ ያለ ውኃ አምጥተው፣ «እጅሽን አምጪ» አሉና በጥፍሮቼ ሥር የደረቀውን ደም በመዳፋቸው እያሹ አጠቡልኝ። መቁጠሪያዬ ቤት ቀርቶ ስለ ነበር፣ ጣቶቼ አንድ በአንድ ሲዘረጉ የእመቤታችንን ሰላምታ በእነርሱ እየቆጠርሁ ደገምሁ።