ሁዳዴ፣ ትራክ እና ኤፒ

ቅዳሜ፣ ሜይ 11፣ 2024። እማዬ ስራ ገብታለች፣ ቤቱ ጭር ብሏል፣ ከሁለት ወር ወዲህ ምንም የሚያስሮጠኝ ነገር የሌለበት ቀን ዛሬ ገና ነው። ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ቁጭ አልኩ።

የዘንድሮ ስፕሪንግ ሁሉም ነገር በአንዴ ነው የመጣው። ማርች 10 ሰዓቱ ወደፊት ተገፋ (ይሄን ነገር እስካሁን አልለመድኩትም፣ አገር ቤት ሰዓት የሚነካው የለም)፣ በማግስቱ ሰኞ ማርች 11 ሁዳዴም ረመዳንም በአንድ ቀን ገቡ፣ ትራክ (የት/ቤቱ የሩጫ ቲም) ደሞ ከጀመርን ገና ሁለት ሳምንት አልሞላንም ነበር። ትራክ የገባሁት ጓደኛ አገኛለሁ ብዬ ነው እንጂ ሯጭ ሆኜ አይደለም። ኮች ግን ከኢትዮጵያ ነኝ ስለው ሌላ ነገር ሳይጠይቀኝ 3200 ሜትር ላይ ጻፈኝ፣ 3200 ማለት ሜዳውን ስምንቴ መዞር ነው። አዲስ አበባ እያለሁ የሮጥኩት ታክሲ ለመያዝ ብቻ ነው ልለው ፈልጌ ነበር፣ በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን ቀልድ አይመጣልኝም፣ ዝም አልኩ።

አገር ቤት ጾም ማስረዳት የሚባል ነገር የለም። ስጋ ቤቱ ራሱ ይዘጋል፣ ካፌው በር ላይ የጾም ምግብ አለን ይላል፣ ማንም ማንንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሀበሻ ሞልቷል፣ እንጀራ ነዳጅ ማደያ ሁሉ ይሸጣል፣ ግን ት/ቤት በር ስገባ ያ ሁሉ ውጭ ይቀራል። ቲሙ አርብ ማታ ፒዛ ሲያዝ እኔ አልበላም ስል ይጀመራል፣ አለርጂ ነው? ዳየት ነው? ስጋው ነው? እሺ ስጋ የሌለው አለ። አይ ቺዙም አይሆንም። ኮች ዓይኑን አፍጥጦ “ቺዝም?” አለኝ፣ ለ55 ቀን ነው ስለው ደሞ ጭራሽ አላመነኝም። ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ያኔ ነው የደነገጥኩት፣ ምክንያቱም ለምን የሚለውን እኔም አስቤው አላውቅም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ቤታችን ሁሉም ሲጾም ጾምኩ፣ በቃ። ማታ ቤት ገብቼ እማዬን ጠየቅኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ጌታ አርባ ቀን የጾመውን፣ ዘወረደን፣ ሕማማትን አንድ በአንድ ቆጥራ አስረዳችኝና መጨረሻ ላይ “ይሄን ሳታውቅ ነው እስከዛሬ የጾምከው?” ብላ ታዘበችኝ።

ማስረዳት ያላስፈለገኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ሶማሌው ጓደኛዬ። እሱ 400 ነው የሚሮጠው፣ ውሃ እንኳን ሳይቀምስ። እኔን “ቺዝም?” ይሉኛል እሱን “ውሃም?” ይሉታል፣ በዚህ ነው የተግባባነው። ምሳ ሰዓት ላይ ካፌቴሪያውን ትተን ላይብረሪ እንቀመጥ ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት እኔም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልሞክር ብዬ ነበር፣ የኛ ዘጠኝ ማለት እዚህ ከቀኑ 3 ሰዓት ነው፣ ትምህርት 2፡30 ይለቀቃል፣ እና ሌላው ሰው ዋርም አፕ ሲጀምር ነው እኔ የምበላው፣ ሶስተኛው ዙር ላይ ዓይኔ ጨለመብኝ ሳሩ ላይ ተቀመጥኩ። የንስሐ አባቴ ጋ ስደውል “ልጄ አንተ ተማሪ ነህ፣ እስከ ስድስት ይበቃሃል” አሉኝ። ላይብረሪ መቀመጡን ግን አልተውኩትም፣ ፒነት በተር ሳንድዊቼን ወደ ሚቀጥለው ክላስ ስሄድ ኮሪደር ላይ እየዋጥኩ ነበር።

ኤፕሪል 8 ፀሐይ በጨረቃ የተሸፈነች ቀን ልምምድ ላይ ነበርን። እኛ ጋ ሙሉ በሙሉ አልጨለመም፣ ግን ከ85 በመቶ በላይ ስለተሸፈነች 3፡20 አካባቢ ብርሃኑ የሆነ የታመመ ሰው ፊት መሰለ፣ ነፋሱም ቀዝቀዝ አለ። ኮች የካርቶን መነጽር አደለን፣ እማዬ ደሞ በዛው ሰዓት ደውላ “ቀና እንዳትል!” ትለኛለች፣ እኔ ቀና ብዬ ነው ስልኩን ያነሳሁት። ጓደኛዬ መነጽሩን እንዳደረገ ዝም ብሎ ቆየና “ይቺ እኮ እኛ የምንጠብቃት ጨረቃ ናት” አለ። እውነቱን ነው፣ ፀሐይን የምትሸፍነው አዲስ ጨረቃ ስትሆን ነው፣ ረቡዕ ዒድ ሆነ። ሐሙስ ት/ቤት ሳምቡሳ ይዞልኝ መጣ፣ ስጋ ነው ስለው ግንባሩን መታ፣ በማግስቱ ቴምር በላስቲክ አምጥቶ “ይሄስ?” አለ። አንተ ስንት ቀን ቀረህ ሲለኝ ከሃያ በላይ አልኩት። አዘነልኝ መሰለኝ።

ፕሮም (የት/ቤቱ የዳንስ ግብዣ) እኔ ገና 11ኛ ክፍል ስለሆንኩ አይመለከተኝም፣ የአክስቴ ልጅ ግን ሲኒየር፣ 12ኛ ክፍል ናት፣ አብረን እንሂድ ተብሎ ካርቶን ላይ በማርከር ተጽፎ ነው የተጠየቀችው፣ ቀሚሱን ለመምረጥ ሶስት ቅዳሜ ፈጅታለች ከዛ ሄዳ ሰላጣ ብቻ በልታ ተመለሰች። አክስቴ ለፎቶው ሁለት ሰዓት አቆመቻት። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው፣ ለመመረቅ ግዴታ የሆነውን 75 ሰዓት በጎ ፈቃድ ከጨረሰች ቆይታለች፣ እኔ ገና ግማሹም የለኝም።

ከዛ ሜይ ገባ። ፋሲካ ሜይ 5፣ የኤፒ ጋቨርመንት (በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ የአሜሪካ መንግሥት ትምህርት) ፈተናዬ ሜይ 6 ጠዋት። ስቅለት አርብ መቅረቴ ስለማይቀር ፈቃድ ለመጠየቅ ቢሮ ሄድኩ፣ ጉድ ፍራይዴይ ስላት ሴትዮዋ ደግ ፈገግታ ፈገግ ብላ “የኔ ልጅ፣ እሱ እኮ ማርች ላይ አለፈ” አለችኝ። የነሱ ማርች 29 ነበር፣ ስፕሪንግ ብሬክ ላይ። የኛ ገና ነው፣ አቆጣጠሩ ይለያል ምናምን ብዬ አስረዳሁ። በሁለት ወር ውስጥ ማስረዳት ሙያዬ ሆኗል። ወረቀቱን እኔ ጻፍኩት እማዬ ፈረመችበት።

አርብ ቤተክርስቲያን ጓሮ በስግደት መሀል እረፍት ሳገኝ ፍላሽ ካርዴን አወጣሁ፣ የወጣው ካርድ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ዊስኮንሲን እና ዮደር፣ 1972። የአሚሽ ወላጆች በሃይማኖታችን ምክንያት ልጆቻችን ከ8ኛ ክፍል በኋላ ት/ቤት አይሄዱም ብለው ከስቴቱ ጋር ተከራክረው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፈረደላቸው። እኔም ለሃይማኖቴ ከት/ቤት ቀርቼ ያንን እያጠናሁ ነው፣ ብቻዬን ሳቅኩ። አጠገቤ የነበሩት እማማ “ምን ያስቅሃል ዛሬ?” ብለው ተቆጡኝ፣ ለሳቸው ግን አላስረዳሁም። ማታ አባ በወይራው ቅጠል ጀርባዬን ቸብ ቸብ አድርገው ስግደት ጨመሩልኝ፣ ጭኔ ከ3200 የባሰ ታመመ።

ቅዳሜ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው ቤት የገባነው፣ ዶሮው ያን ሰዓት። እሁድ ተኛሁ፣ ተነሳሁ፣ በላሁ፣ ትንሽ አነበብኩ፣ ደግሜ በላሁ። ሰኞ ፈተናው ላይ ሆዴ እያጉረመረመ 55 የምርጫ ጥያቄ በ80 ደቂቃ ከዛ አራት ጽሑፍ በ100 ደቂቃ። ምን እንደመጣ ማውራት ክልክል ስለሆነ እዚህም አልጽፈውም።

ከሰዓት ልምምድ ላይ እማዬ የቋጠረችልኝን ከፈትኩት። ዶሮው ለጓደኛዬ እንደማይሆን አውቃለሁ፣ ድፎ ዳቦውን ቆርሼ ሰጠሁት፣ ሌላ ድገመኝ አለ። ኮች ሽታው ጠርቶት መጣና ሳህኑን እያየ ጠየቀኝ፣

“አሁንስ ቺዝ ይቻላል?”