በየቀኑ የሚጠጣ የተቆላ ኡሎንግ፦ ኪስ ሳይጎዱ ጥሩውን መግዛት

ጥሩ የቻይና ኡሎንግ ውድ ነው ሲባል እሰማለሁ። ውድ የሚሆነው ስም ስትገዙ ነው። እኔ የምኖረው ጓንዡ ውስጥ ለነጋዴዎች እያስተረጎምኩ ነው፤ ገቢዬ በየቀኑ ዝነኛ ሻይ የሚያስጠጣ አይደለም። ቢሆንም ጠዋትም ከሰዓትም የምጠጣው የተቆላ ኡሎንግ አለኝ። አንዱ ጂን፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ፣ ከ200 ዩዋን አይበልጥም። እንግዳ ሲመጣም አላፍርበትም።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፦ ኡሎንግ በአረንጓዴ ሻይና እኛ ቤት በለመድነው ጥቁር ሻይ መካከል ያለ ነው። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ይጠወልጋል፣ ይነቀነቃል፣ ጠርዙ መቅላት ይጀምራል። ከዚያ በጋለ ብረት ይታመስና ለውጡ እዚያው ይቆማል። አንዳንዱ በዚሁ ያበቃል፤ አረንጓዴ ሆኖ አበባ አበባ ይሸታል። ሌላው ግን እንደገና እሳት ያያል። እኔ የቡና አገር ልጅ ስለሆንኩ መሰለኝ፣ ልቤ የሄደው ወደተቆላው ነው። አረንጓዴው ክፉ አይደለም፤ ግን ጠጥቼ የጠጣሁ አይመስለኝም።

የተቆላው በብዛት የሚመጣው ከፉጂያን ክፍለ ሀገር ነው። በሰሜን የዉዪ ተራራ አለ፤ ከዓለታማ ሸለቆዎቹ የሚወጣው የዓለት ሻይ ይባላል። በደቡብ ደግሞ ቲዬጓንዪን የሚባለው ኡሎንግ አገር አንሺ አለ። ቲዬጓንዪን የምትፈልጉ ከሆነ ተጠንቀቁ፤ ዛሬ ገበያውን የሞላው አረንጓዴው ዓይነት ነው። የተቆላውን ለማግኘት «ኖንግሺያንግ» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እኔ የምገዛው ፋንግሱን ነው። በሜትሮ አንደኛው መስመር ይደረስበታል። ሰፊ የሻይ ገበያ ነው፤ ሱቁ ሁሉ ሻይ፣ መንገዱ ሁሉ ካርቶን። ብዙው ሱቅ ፑአር በሚባለው ሌላ የቻይና ሻይ ንግድ ላይ ስለሆነ የዓለት ሻይ የሚሸጡትን ለይቶ ማወቅ ግድ ነው።

ሱቅ ገብቼ «ዳ ሆንግ ፓኦ አለ?» አልልም። ከዉዪ ሻዮች ስሙ የገነነው እሱ ነው። ስሙን የሰጡት እናት ዛፎች ገደል ላይ ያሉ ስድስት ቁጥቋጦዎች ናቸው፤ ከ2006 ጀምሮ እንዳይቀጠፉ ተከልክሏል። ገበያ ላይ ዳ ሆንግ ፓኦ የሚባለው አብዛኛው የተለያዩ የዉዪ ሻዮች ቅይጥ ነው። ቅይጥ መሆኑ ነውር የለውም፣ ጥሩም አለው። ግን ቀይና ወርቃማው ሳጥን ላይ ያ ስም ከተጻፈበት የሳጥኑንም የተረቱንም እየከፈላችሁ ነው። ባንድ ሱቅ ሻጩ «ከእናት ዛፉ ነው» ብሎ ዓይኔን እያየ ነግሮኛል። ሻዩን ጠጥቼ አመስግኜ ወጣሁ።

የምጠይቀው ሹዊሺየንን ነው። ከሮውግዊ ጋር ሆኖ ዉዪ ውስጥ በብዛት የሚተከለው እሱ ነው። ሮውግዊ ቀረፋ ቀረፋ የሚለው ሽታው ፋሽን ሆኖ ዋጋው ወጥቷል። ሹዊሺየን ረጋ ያለ ነው፣ አፍ ይሞላል፣ ጉሮሮ አይቧጭርም። ከዝነኞቹ ሸለቆዎች ውጪ ከበቀለ ደግሞ ዋጋው በጣም ይወርዳል። የዓለቱ ጣዕም ይቀንሳል፤ እሱ እውነት ነው። ለየቀኑ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ሻጩ ራሱ ስለሚጠጣው ነው። አሁን ደንበኛ የሆንኩባቸው፣ ከጓንዡ በስተምሥራቅ ካለው ከቻውሻን አካባቢ የሆኑ አንዲት ሴትዮ አሉ። የቻውሻን ሰዎች ሻይ ሳይጠጡ የሚውሉበት ቀን የለም፤ የሚጠጡት ሁሉ ውድ ቢሆን ኖሮ ቤታቸውን ይሸጡ ነበር። እንደ አገሩ ደንብ አዪ፣ አክስቴ እንደማለት፣ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ገና ስንተዋወቅ መደርደሪያው ላይ ያለውን እያወጡ ያስቀምሱኝ ነበር።

«አዪ፣ እርስዎ ራስዎ የሚጠጡት የቱን ነው?» አልኳቸው።

ሳቁ። ከጠረጴዛው ሥር በገመድ የታሰረ ትልቅ ላስቲክ አወጡ።

«ይሄ የቤት ነው። መልኩ አያምርም። ካልጣመህ አትግዛ።»

መልኩ እውነትም አያምርም። ረዘም ያለ፣ የተጠማዘዘ፣ ጥቁር ቡናማ ቅጠል፣ ስብርባሪም አለበት። ስብርባሪው ዋጋውን ያወርደዋል እንጂ ዱቄት እስካልሆነ ድረስ ብዙም አይጎዳም።

እኔ ሻይ የምፈትነው ጨክኜ ነው። ሻጮች ሲያስቀምሱ ውሃውን አፍስሰው ወዲያው ይቀዳሉ። በዚያ አቀዳድ መጥፎ ሻይም ደህና ይመስላል። እኔ ጋይዋኑን፣ ክዳን ያለውን ትንሽ ስኒ፣ ይዤ አምስት ግራም ቅጠል ላይ የፈላ ውሃ እሞላና አምስት ደቂቃ እተወዋለሁ። ሻጩ ሊቅበጠበጥ ይችላል፤ ይቅበጥበጥ። መምረሩ አይቀርም። የምመለከተው ምሬቱ ይለቃል ወይስ ምላስ ላይ ተጣብቆ ይቀራል የሚለውን ነው። ጥሩው ከዋጡት በኋላ ጉሮሮ ላይ ጣፋጭ ሆኖ ይመለሳል። መጥፎው አፍ ያደርቃል፣ የሲጋራ መተርኮሻ ይሸታል።

ከዚያ የፈላውን ቅጠል ክዳኑ ላይ ዘርግፌ በጣቴ እነካዋለሁ። ከፈተናው ሁሉ በላይ የማምነው ይሄን ነው። በአግባቡ የተቆላ ቅጠል ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ስትስቡት ይዘረጋል፣ ቡናማው ውስጥ ትንሽ አረንጓዴ ሊታይ ይችላል። ጥቁር ሆኖ ጠንክሮ፣ እንደተኮማተረ ከቀረ ግን ከስሏል። ቡና ከመጠን በላይ ካረረ የይርጋጨፌም ይሁን የሐረር አይለይም፤ ሻይም ያው ነው። ያረጀና የተበላሸ ቅጠልን በእሳት መሸፈን የታወቀ ዘዴ ነው።

ጥሩ አቆላል ጊዜ ይፈልጋል። በባህላዊው መንገድ ከሰሉ ነበልባል እንዳይኖረው አመድ ይለብሳል፣ ሻዩ በቀርከሃ ቅርጫት ሆኖ ከላይ ይቀመጣል፣ ለሰዓታት ቀስ እያለ ይቆላል። ከዚያ አርፎ እንደገና። ርካሹ ብዙውን ጊዜ በኤሌክትሪክ ምድጃ የተቆላ ነው፤ እኔ አልጠላውም፣ የኛ ዋጋ ላይ ከሰል መጠበቅ የዋህነት ነው።

አንድ የዋጋ ምስጢር ከዚህ ይመጣል። የዉዪ ሻይ የሚቀጠፈው በፈረንጆቹ ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ላይ ነው፤ መቁላቱ የቻይናን በጋ ይዞ ይሄዳል። ገና ከእሳት የወጣ ሻይ አፍ ይለበልባል፤ እሳቱ እስኪወጣለት ወራት ማረፍ አለበት። ስለዚህ አዲስ ነው ብለው ሲያጣድፏችሁ አትቸኩሉ። ያምናው በደንብ ታሽጎ ከቆየ ይሻላል፣ አንዳንዴም ይረክሳል። ፍሪጅ አያስፈልገውም፤ ከእርጥበትና ከቅመም ሽታ ይራቅ እንጂ። በርበሬ ካለበት ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ። ወጥ ሆነ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በጋይዋን ስጠጣ አንድ ጊዜ ስምንት ግራም እጨምራለሁ፤ ካንድ ጂን ስልሳ ጊዜ ይወጣል። 180 ዩዋን ከገዛሁት ባንድ ጊዜ ሦስት ዩዋን ገደማ ነው። ያ ቅጠል ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ አያቆምም፤ ስድስትና ሰባት ጊዜ ይቀዳል። ሥራ ቦታ ግን ሦስት ግራም ትልቅ ኩባያ ውስጥ ጥዬ ውሃ እጨምርበታለሁ። ጨዋታው ቀረ፣ ሻዩ ግን ሻይ ነው።

ጓንዡ ለሌላችሁ፦ አሜሪካ ካላችሁ የቻይና ግሮሰሪ ውስጥ ሃይዲ የሚባለውን የሺያመን ድርጅት ሻይ ፈልጉ። ቢጫ ቆርቆሮ ያለው ላኦፆንግ ሹዊሺየን ጠንከር ብሎ የተቆላ ነው። አምስት ደቂቃውን ፈተና ያልፋል።

አዲስ አበባ ስወስድ ያየሁት ደግሞ ውሃው ነው። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የተቆላ ኡሎንግ የሚፈልገው የሚንተከተክ፣ መቶ የሚጠጋ ውሃ ስለሆነ እዚያ ሰልሎ ይወጣል። መላው ስኒውን ቀድሞ በፈላ ውሃ ማሞቅ፣ ቅጠሉን ጨመር ማድረግና ትንሽ ማቆየት ነው። ቤተሰቡ ወደደው። አጎቴ ብቻ «ስኳሩስ?» አሉኝ። ጨመርኩላቸው፣ ሁለት ማንኪያ።